ሳይቃጠል በቅጠል፦ ኮምፒዩተሩን ማን ይጠብቀው?



በስደት ዓለም የምንኖር ወገኖች ኑሯችን ከዓመት ወደ ዓመት በኮምፒዩተር መስኮት በኩል የሚያልፍ ሆኗል። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻው፣ የጤና መድኑ፣ የሥራ አጥ ድጎማው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባው፣ ለእናት ለአባት የሚላከው ገንዘብ ሳይቀር በዚያው በኩል ነው። ቀድሞ በአገር ቤት በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የጠና ሰው፣ ዛሬ ደጅ የሚጠናው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ነው። ያን ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባል ነበር፤ አሁን «ሲስተም የለም» ይባላል። ኃላፊውን ግን ቢያንስ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ፊታቸውን አይቶ መለማመጥ፣ አማላጅ መላክ ይቻል ነበር። ሲስተም ፊት የለውም፤ አማላጅም አይሰማም።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን ማሽኑ እምቢ ባለን ቁጥር ጥፋቱን ወደ ራሳችን እናዞራለን። «እንግሊዝኛዬ ስለማይረባ ነው»፣ «ኮምፒዩተር ስለማልችል ነው» እንላለን። ታሪኩ የሚለው ግን ሌላ ነው። በታላላቅ መንግሥታት ቤት ሳይቀር ማሽኑ ተበላሽቶ ባለቤቶቹ ሳያውቁት የቀሩበት ጊዜ አለ። ያላወቁትም መለኪያቸውን ተጠቃሚው በቆመበት ቦታ ስላልተከሉ ነው። ዕዳውን የከፈለው ደግሞ ወረፋ ላይ የቆመው ሰው ነው። ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው

ኮምፒዩተር ገና ሳይፈጠር፣ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባሉ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1908 በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ተቀጠሩ። የኩባንያው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነበር። ደንበኛው ብዙ ሳይጠብቅ እንዲገናኝ ስንት መስመርና ስንት ኦፕሬተር ያስፈልጋል? መስመሩ ከበዛ ወጪ ነው፤ ካነሰ ደንበኛው ይጉላላል።

ኤርላንግ በ1909 እና በ1917 ባወጧቸው ጽሑፎች የስልክ ጥሪ በምን ዓይነት አመጣጥ እንደሚመጣ፣ መስመሩ ሁሉ ሲያዝ ምን ያህል ደዋይ እንደሚመለስ ወይም ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚሰላበትን ቀመር ሰጡ። በ1946 የስልክ ጭነት መለኪያው በስማቸው «ኤርላንግ» ተባለ። ሌሊት ተነሥቶ አገር ቤት ለመደወል የሞከረ፣ «መስመሩ ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ደጋግሞ የሰማ ወገን ሁሉ፣ ስማቸውን ባያውቅም የኤርላንግን ጥያቄ በሕይወቱ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ኤርላንግ የጠየቁት «ማሽኑ ይሠራል ወይ?» ብለው ብቻ አይደለም። «ደዋዩ ምን ያህል ይጠብቃል?» ብለው ነው። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ለደረሰው ጥፋት ሁሉ መነሻው የመጀመሪያውን ጠይቆ ሁለተኛውን መርሳት ነው።

የሁለት ሴኮንድ ትዕግሥት

በ1968 የአይቢኤም ባልደረባ የነበሩት ሮበርት ሚለር ይህንኑ ጥያቄ ወደ ኮምፒዩተር አመጡት። ሰውና ኮምፒዩተር የሚያደርጉት ነገር እንደ ጭውውት ነው አሉ። ሰው ሲያናግሩት ለጥቂት ሴኮንዶች ዝም ካለ ነገሩ ቅር ያሰኛል፤ ማሽንም እንዲሁ ነው። ብዙ ለሚመላለስ ሥራ መልሱ በሁለት ሴኮንድ ገደማ መድረስ እንዳለበት ጻፉ።

በ1982 ደግሞ ዋልተር ዶኸርቲና ታዳኒ የተባሉ ሁለት የአይቢኤም ሰዎች ከዚያ አልፈው ሄዱ። ምላሹ ከግማሽ ሴኮንድ በታች፣ ማለትም እስከ 0.4 ሴኮንድ ሲወርድ፣ ሠራተኛው የሚሠራው ሥራ በእጅጉ እንደሚጨምር አሳዩ። ምክንያቱም ሰው ሲጠብቅ ጊዜውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ የያዘው ሐሳብም ይበተንበታል። ቅጽ እየሞላ ገጹ የቆመበት ሰው፣ ሲመለስ ከየት እንደጀመረ መርሳቱ የእርሱ ድክመት አይደለም።

ነገሩን ይበልጥ ለመረዳት ይህ ጋዜጣ የሚቀመጥበትን ዓይነት ምግብ ቤት እንውሰድ። ደንበኛው ያዘዘው ትእዛዝ ከአስተናጋጁ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ እንጀራው፣ ወጡ፣ ጥብሱ ተሟልቶ ይወጣል። ባለቤቱ ወጥ ቤት ገብተው ምድጃው ሁሉ ሲነድ ቢያዩ «ሥራው እየሄደ ነው» ይላሉ። ጠረጴዛ ላይ ያለው ደንበኛ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቋል። መዘግየቱ የት እንዳለ ለማወቅ ትእዛዙ የተሰጠበትን፣ ወጥ ቤት የደረሰበትን፣ የወጣበትንና ጠረጴዛ ላይ ያረፈበትን ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። የሶፍትዌር ክትትል የሚባለው ይኸው ነው። «ላክ» የሚለውን ስንጫን ጥያቄያችን በብዙ ማሽኖችና በመረጃ ቋቶች ውስጥ ያልፋል፤ አንዳንዴም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተልኮ ይመለሳል። ክትትሉ በየደረጃው ስንት ሴኮንድ እንደፈጀና የት ላይ እንደወደቀ ይመዘግባል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ዘጠኝ ደንበኞች በ10 ደቂቃ፣ አሥረኛው ግን በሁለት ሰዓት ምግቡን ቢያገኝ፣ አማካዩ 21 ደቂቃ ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት «ደህና ነው» ያሰኛል። አሥረኛው ሰውዬ ግን ዳግመኛ አይመጣም። ስለዚህ በሙያው የበሰሉ ሰዎች ከአማካዩ ይልቅ ወደ ኋላ የቀረውን ሰው ያያሉ። በ1998 ሉ ሰርን የተባሉት ባለሙያ ዋይሊ ቴክኖሎጂ የተባለውን፣ በ2008 ደግሞ ኒው ሬሊክ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ የሸጡት ይህንን ነበር፤ ሶፍትዌሩ እየሠራ ሳለ ውስጡን የሚያሳይ መለኪያ።

ኦክቶበር 1 ቀን 2013

እንግዲህ ዕውቀቱ ነበረ፤ መሣሪያውም በገበያ ላይ ነበረ። ይህ ሁሉ እያለ ነው የዓለም ሀብታሟ አገር የወደቀችው።

ፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድን ሕጉን የፈረሙት በማርች 23 ቀን 2010 ነው። በሕጉ መሠረት ሕዝቡ መድን የሚገዛበት የፌዴራል ድረ ገጽ ሄልዝኬር ዶት ገቭ ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ተከፈተ። ቨርጂኒያንና ቴክሳስን ጨምሮ የ36 ግዛቶች ነዋሪዎች የሚመዘገቡት በዚሁ ነበር። ታክሲ የሚነዱ፣ በፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ትንሽ ሱቅ ከፍተው የሚተዳደሩ፣ ከአሠሪ መድን የማያገኙ ወገኖቻችን ሁሉ ጉዳዩ ይመለከታቸው ነበር።

በመጀመሪያው ዕለት 4.7 ሚሊዮን ሰው ድረ ገጹን ጎበኘ። በአንድ ጊዜ ከ50,000 እስከ 60,000 ሰው ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ 250,000 ገባ። በኋላ ለምክር ቤት የቀረቡት ማስታወሻዎች እንደሚያሳዩት በመጀመሪያው ዕለት ምዝገባውን የጨረሱት 6 ሰዎች ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ቁጥሩ 248 ደረሰ።

ምን ሆነ? አንደኛ፣ ሰው ዋጋ ለማየት እንኳ መጀመሪያ አካውንት መክፈት ነበረበትና ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጠባብ በር ተጋፋ። ሁለተኛ፣ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በተደረገው ሙከራ ሲስተሙ በጥቂት መቶ ተጠቃሚዎች ብቻ ተዝረክርኮ ነበር፤ ቀኑ ግን አልተላለፈም። ሦስተኛውና ለጉዳያችን ዋናው፣ ድረ ገጹ ከላይ እስከ ታች ምን እየሆነ እንዳለ በአንድ ቦታ የሚታይበት ሰሌዳ አልነበረም። ሥራው ለብዙ ኮንትራክተሮች ተከፋፍሎ ስለነበር እያንዳንዱ «የእኔ ክፍል ይሠራል» ይላል። የጠቅላላው ባለቤት ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ምድጃው ሁሉ ይነዳል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ምግብ የለም።

መለኪያው ከተተከለ በኋላ

በዚያው ወር ቶድ ፓርክ የተባሉት የመንግሥቱ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ከግል ኩባንያዎች ባለሙያዎችን ጠሩ። ከነዚህ አንዱ ከጉግል የመጡት ማይኪ ዲከርሰን ነበሩ። ጠቅላላውን ሥራ ጄፍሪ ዛየንትስ እንዲመሩት ተሾሙ። በሜሪላንድ፣ ኮሎምቢያ ከተማ የመቆጣጠሪያ ክፍል ተቋቋመ።

ዲከርሰን ለስብሰባው ያወጡት ደንብ ለእኛ ለማኅበረሰብ ድርጅቶችም ይጠቅማል። ስብሰባው ችግር ለመፍታት እንጂ ጥፋት ለማላከክ አይደለም፤ የሚናገረው ነገሩን የሚያውቀው እንጂ ከፍተኛ ማዕረግ ያለው አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የሚነሣው የዛሬና የነገ አንገብጋቢ ጉዳይ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአበው አባባል በሌላ ቋንቋ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸው መለኪያ መትከል ነበር። ኒው ሬሊክ የተባለው መሣሪያ ገባ፤ ሁሉም የሚያየው ሰሌዳ ተዘረጋ። ወዲያው የማይታየው ታየ። ድረ ገጹ አንዱን ጥያቄ ከመረጃ ቋቱ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ የመጣን መልስ አቅራቢያ አስቀምጦ በመጠቀም ፈንታ ለያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ይመላለስ ነበር። ይህን የመሰለው እየታረመ ሄደ።

መንግሥት በዲሴምበር 1 ቀን ባወጣው መግለጫ መሠረት፣ በኦክቶበር መጨረሻ 8 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው አማካይ ምላሽ ከ1 ሴኮንድ በታች ወረደ። ከመቶ 6 የነበረው ስሕተት ከመቶ ከ1 በታች ሆነ። በኖቬምበር መግቢያ ከጊዜው 42 በመቶ ብቻ ይሠራ የነበረው ሲስተም ከ90 በመቶ በላይ መሥራት ጀመረ። ከ400 በላይ እርማቶች ተደርገዋል። እስከ ኖቬምበር 2 ድረስ በፌዴራሉ በኩል የተመዘገቡት 26,794 ብቻ ሲሆኑ፣ በ2014 ጸደይ ምዝገባው ሲዘጋ የግዛቶቹ ጭምር ተደምሮ 8 ሚሊዮን ደረሰ። ለዚሁ ዓይነት ሥራ በኦገስት 2014 በዲከርሰን የሚመራ የመንግሥት የዲጂታል አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ይኸው መሥሪያ ቤት በ2025 ስሙና ተግባሩ ተቀይሯል። የሜሪላንድ ዕድል ግን የተለየ ነበር። ግዛቱ በራሱ ያሠራው ድረ ገጽ ገና በተከፈተበት ዕለት ተበላሽቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ በሙሉ ተጥሎ ከኮኔክቲከት በተወሰደ ሲስተም ተተካ።

ነገር ግን ሰሌዳው ያላሳየው ነገር ነበረ፤ እርሱም እኛን ይመለከታል። ድረ ገጹ የአመልካቹን ማንነት የሚያረጋግጠው ኤክስፒሪያን የተባለው የክሬዲት ድርጅት ባለው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ጥያቄ በመጠየቅ ነበር። ከመጣ ዓመት ያልሞላው ሰው የክሬዲት ታሪክ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ብዙ አዲስ መጤዎች «ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» ተብለው ወረቀት ላኩ፣ ስልክ ደውሉ ተባሉ። ማሽኑ በዚህ ጊዜ አልተበላሸም፤ በፍጥነትም መልሷል። በ1 ሴኮንድ ውስጥ «አይሆንም» ማለትም በመለኪያው ፈጣን ምላሽ ነው። የስፓኒሽኛው ድረ ገጽ እንኳ የተከፈተው ዘግይቶ በዲሴምበር ነበር። በር ላይ ተመልሶ የቀረውን ሰው መለኪያው አይቆጥረውም፤ ካልጮኸ አልነበረም ማለት ነው።

የ22,000 ሰዎች ደስታ

ፍጥነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2011፣ ደርሶ ነበር። ይህ በየቤታችን የተወራ ነው።

ለ2012 የዲቪ ሎተሪ የማመልከቻው ጊዜ ከኦክቶበር 5 እስከ ኖቬምበር 3 ቀን 2010 ነበር። ውጤቱ በሜይ 2011 መጀመሪያ ወጣ፤ 22,000 ያህል ሰዎች መመረጣቸውን በድረ ገጹ አዩ። ከዚያ በሜይ 13 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውጤቱ ተሰርዟል አለ። ምክንያቱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስሕተት ነበር። ከተመረጡት 90 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ማለትም ኦክቶበር 5 እና 6 ያመለከቱ ሆነው ተገኙ። ሕጉ ዕጣው ለሁሉም እኩል እንዲሆን ያዛል፤ ይህ ደግሞ ዕጣ አይደለም። ተመራጮቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በጁላይ 14 አልተቀበላቸውም። በማግስቱ አዲሱ ውጤት ወጣ።

የሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት በኋላ ባወጣው ሪፖርት፣ አዲሱ ፕሮግራም በቂ ሙከራ እንዳልተደረገበት ገለጸ። የተመረጡትን በየማመልከቻ ቀናቸው ደርድሮ ማየት ረጅም ሥራ አይደለም። ያ ግን ሳይደረግ ውጤቱ ለሰው ተነገረ። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ለዘመድ የተናገረ፣ የተመረቀ፣ የወደፊት ኑሮውን ማቀድ የጀመረ ሰው ስንት ነው? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

«እንዲህ የሆነብዎ እርስዎ ብቻ ነዎት»

የመጨረሻው ታሪክ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ባለቤቶቹ ያላዩት ሳይሆን ማየት ያልፈለጉት ነውና።

የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም በየቅርንጫፉ አስገባ። ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ የሚያስተዳድረው ነበር። በየሰፈሩ ትንሽ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ጉድለት ያሳያቸው ጀመር። ደውለው ሲያመለክቱ ብዙዎቹ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመዎት እርስዎ ብቻ ነዎት» ተባሉ። ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ቤታቸውን ሸጡ። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በሌብነትና ሒሳብ በማጭበርበር ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ከመካከላቸው ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ስደተኞችና ልጆቻቸው በርካታ ነበሩ።

የሚያሳዝነው ግን ስሕተቶቹ ተመዝግበው መገኘታቸው ነው። በኩባንያው ውስጥ የታወቁ ስሕተቶች መዝገብ ነበረ። የተከሰሰው ሰው ግን መዝገቡን አላየም፤ ፍርድ ቤቱም ኮምፒዩተር በትክክል ይሠራል ብሎ ከመገመት ይነሣ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ጎረቤቱም ሌባ አለው።

ይህን የሰበረው ማሽን አይደለም፤ ሰዎች መገናኘታቸው ነው። አለን ቤትስ የተባሉ አንድ የፖስታ ቤት አስተዳዳሪ «እኔ ብቻ አይደለሁም» ብለው ሌሎችን ፈለጉ። በመጨረሻ 555 ሰዎች በአንድነት ከሰሱ። በዲሴምበር 2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስሕተት እንደነበረበት ወሰነ። በኤፕሪል 2021 የ39 ሰዎች ፍርድ በይግባኝ ተሰረዘ፤ በሜይ 2024 ደግሞ ፓርላማው የብዙዎቹን ፍርድ በሕግ ሰረዘ። ከሃያ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የማንኛውም ሲስተም የመጀመሪያው መለኪያ ወረፋ ላይ የቆመው ሰው ነው። ባለቤቱ ቢያዳምጠው ድረ ገጹ በሁለት ወር ይድናል፤ ባያዳምጠው ንጹሕ ሰው ይታሰራል። እኛም ዝም ስንል መለኪያውን በገዛ እጃችን እናጠፋለን።

ስለዚህ፣

ገጹ ሲቆም ወይም ሲከለክል ቀኑን፣ ሰዓቱንና በማያ ገጹ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል መዝግቡ፤ ከተቻለ ፎቶ አንሡት። «አልሠራም አለኝ» የሚለው አቤቱታ በቀላሉ ይታለፋል፤ ቀንና ሰዓት ያለው ግን በመዝገባቸው ውስጥ ሊፈለግ ይችላል።

የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። ኤርላንግ እንዳሳዩት ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲመጣ መስመሩ ይዘጋል።

ስልክ ደውላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የተሰጣችሁን የጉዳይ ቁጥርና ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስም ያዙ።

ኮሚኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የአባሎቻቸውን እንዲህ ያለ ችግር በአንድ መዝገብ ቢሰበስቡ ትልቅ ሥራ ነው። የአንድ ሰው አቤቱታ የግል ችግር ይመስላል፤ የሃያ ሰው ተመሳሳይ አቤቱታ ግን የሲስተም ብልሽት ማስረጃ ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ አካባቢያችሁ የምክር ቤት አባል ጽሕፈት ቤት ብትሄዱ፣ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ያለን ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «እንዲህ የሆነብዎ እርስዎ ብቻ ነዎት» ስትባሉ አትመኑ። ከጎናችሁ ባለው ጠረጴዛ የተቀመጠውን ወገን ጠይቁት።